ለኦንላይን ትምህርት ዝግጁ ነኝ? የራስ መመዘኛ የሠራንበት ማስታወሻ

ጥቅምት፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ሥራው ይህ ነው። ተማሪው ኦንላይን ኮርስ ከመጀመሩ በፊት ራሱን የሚፈትሽበት አጭር መመዘኛ እንሠራለን። ማንም ሳያርመው ራሱ ይሞላዋል። የጎደለውን ራሱ ያያል። ከዚያ በዚያው ሳምንት አንድ ነገር ያስተካክላል።

ለማን? ባሕር ዳር ቀበሌ 14 አካባቢ ወዳለች የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍላችን ለሚመጡ ልጆች። አብዛኞቹ 12ኛን የጨረሱ ወይም ማታ ኮሌጅ የሚማሩ ናቸው። በ2016 ሐምሌ የመንግሥት የኦንላይን ሥልጠና የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ኦንላይን ኮርስ ልጀምር የሚል ልጅ በዝቷል። ነጻ ነው፤ ሰርተፍኬትም አለው። ይመዘገባሉ። ከዚያ ብዙዎቹ ገና መጀመሪያው ላይ ያቆማሉ። ለምን ሲባሉ «ኔትወርክ» ይላሉ። ጠጋ ብሎ ላወራቸው ሰው ግን ኔትወርክ ብቻ አይደለም። ፓስወርድ ጠፍቶበት ያቆመ አለ። ቪዲዮው እየፈጠነበት ያቆመ አለ። ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ ተቀምጣ ማጥናት ያልቻለች አለች። ይህ ሁሉ ከመመዝገብ በፊት ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው።

ከመነሻው ልብ ልንለው የሚገባ ጉዳይ አለ። ዛሬ 18 ዓመት የሞላቸው ልጆች በ2012 መጋቢት ትምህርት ቤት በኮሮና ሲዘጋ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኢንተርኔትን ለመማሪያ በሚለምዱበት ዕድሜ ኢንተርኔት አልነበረም። ክፍተታቸው ከስንፍና የመጣ አይደለም። መመዘኛው እነሱን ለመውቀስ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል።

ያለን ዕቃ፦ አንድ ላፕቶፕ፣ የክፍሉ ዋይፋይ፣ ጎግል ፎርም፣ የልጆቹ የራሳቸው ስልኮች። እስካሁን ወጪ የለም።

ጥቅምት፣ ሁለተኛው ሳምንት

«ተሠርቶ ያለ መመዘኛ እያለ ለምን አዲስ እንሠራለን?» አለ ባልደረባዬ። ትክክል ነው። በጣም ከሚታወቁት አንዱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታይዋን ውስጥ እነ ሀንግ የኮሌጅ ተማሪዎችን አጥንተው ያወጡት ነው። 18 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። አምስት ነገር ይመለከታል፦ ራስን በራስ የማስተማር ልማድ፣ የመማር ፍላጎት፣ በኮምፒውተርና በኢንተርኔት አጠቃቀም ራስን መተማመን፣ ትምህርቱን ራስ መምራት፣ በኦንላይን ሐሳብን የመግለጽ ድፍረት። ተማሪው ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል።

አምስቱን ዘርፎች ወሰድን። በእነሱ ላይ የራሳችንን ጥያቄዎች ጽፈን ጎግል ፎርም ላይ ጫንን። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሞሉት።

አልሠራም። ፎርሙ መልሶቹን በግራፍ ያሳያል፤ ዘንጎቹ ሁሉ 4 እና 5 ላይ ተኮልኩለዋል። «ኮምፒውተርና ኢንተርኔት በመጠቀም በራሴ እተማመናለሁ» ለሚለው 5 የሰጠ ልጅ፣ አሥር ደቂቃ ሳይቆይ የላክንለትን ፒዲኤፍ ስልኩ ውስጥ ፈልጎ አጣው። «ቲቸር፣ አውርጄዋለሁ እኮ፤ የት እንደገባ ነው ያላወቅኩት» አለ። ልጁ አልዋሸም። ቴሌግራምና ቲክቶክ ከእኔ በተሻለ ይጠቀማል። «ኢንተርኔት መጠቀም» ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣው ያ ነው።

ሦስት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛ፣ መምህር ፊት ሆኖ ለመምህር ጥያቄ «አልስማማም» ማለት ለእኛ ልጆች ከባድ ነው፤ መስማማት ጨዋነት ነው። ሁለተኛ፣ ስም ጠይቀናል። ስም ያለበት ወረቀት ሁሉ ለተማሪ ፈተና ነው። ሦስተኛ፣ አንድን ነገር ሠርቶት የማያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሚችለው መገመት ይቸግረዋል። ዳኒንግና ክሩገር የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንን ነበር፤ በአንድ ነገር ደካማ የሆኑት ሰዎች የራሳቸውን ችሎታ ከሁሉ በላይ አጋንነው ገምተዋል።

ጥቅምት መጨረሻ

ጥያቄዎቹን በሙሉ ቀየርን። «እችላለሁ» የሚል ጠፋ። በምትኩ «ባለፉት ሰባት ቀናት» የሚል ገባ።

«ጊዜዬን በአግባቡ እጠቀማለሁ» የሚለው ወጣ። «ባለፉት ሰባት ቀናት ማንም ሳያዝዝህ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጠህ ያነበብከው መቼ መቼ ነው? ቀኑን ጻፍ» የሚል ገባ። «እርዳታ ለመጠየቅ አላፍርም» የሚለውም ወጣ። «ያልገባህን ነገር መጨረሻ የጠየቅከው ማንን ነው? በአካል ነው በጽሑፍ?» የሚል ተተካ።

ስም ቀረ። የሚሞላውም ቤት ሆነ።

ልዩነቱ ወዲያው ታየ። ባዶ የተተወ መስመር ብዙ ነው። ባዶው መስመር ከ5 ቁጥር የበለጠ ይናገራል። አንዲት ልጅ በራሷ ጊዜ መጥታ «መቼ እንዳነበብኩ ለመጻፍ ስቀመጥ ነው እንዳላነበብኩ ያወቅኩት» አለችኝ። እኛ ምንም አላልናትም። ከዚህ ሥራ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ወረቀቱ ይጠይቅ፣ መልሱን ልጁ ለራሱ ይናገር።

ግን አሁንም ወሬ ነው። ስላደረገው ይነግረናል እንጂ ሲያደርግ አናይም። ቀጣዩ ማሠራት ነው።

ኅዳር፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ከጥያቄዎቹ ኋላ ትንንሽ ሥራዎች ጨመርን። ተማሪው በራሱ ስልክ፣ በራሱ ዳታ፣ ብቻውን ይሠራቸዋል። እያንዳንዱ ሥራ ኦንላይን ኮርስ ላይ በእርግጥ የሚያጋጥም ነው።

ፒዲኤፍ አውርድ፤ ስልኩን አጥፍተህ አብራ፤ ፋይሉን እንደገና ፈልገህ ክፈተው። በኢሜይል ርእስ ጽፈህ፣ ፋይል አያይዘህ ላክ። በሊንክ ስብሰባ ግባና ማይክህን ዝጋ። አንድ ገጽ አንብበህ ያልገባህን በሦስት መስመር ለማታውቀው መምህር ጻፍ።

የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ልጅ የተሰናከለው ግን እሱ ላይ ነው። ፋይሉ ቴሌግራም ውስጥ ወርዶ እዚያው ይቀራል። ቻቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ወይም ስልኩ ሞልቶ «ቦታ የለም» ይላል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከቴሌግራም «ወደ ዳውንሎድስ አስቀምጥ» የሚለውን መንካት፣ ፋይልስ የሚለውን መተግበሪያ መክፈት፣ ለኮርሱ አንድ ፎልደር መፍጠር። ካዩት በኋላ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ግን ማንም አሳይቷቸው አያውቅም።

ኢሜይሉ የባሰ ነው። ጥቂት የማይባሉ ልጆች የስልካቸውን የጂሜይል ፓስወርድ አያውቁም። ምክንያቱን ስንከታተል ስልኩ የተገዛበት ሱቅ ላይ ደረስን። ስልክ ሲገዛ ባለሱቁ ፕሌይ ስቶር እንዲሠራ ብሎ አካውንት ይከፍታል። ፓስወርዱን እሱ ያስገባል። ለገዢው የሚነግረው የለም፤ ገዢውም አይጠይቅም። ስልኩ እስካልተበላሸ ድረስ ችግሩ አይታይም። ልጁ ኮርስ የሚመዘገበው በዚያ ኢሜይል ነው። ስልኩ ቢጠፋ ወይም ፎርማት ቢደረግ ኮርሱም፣ የሠራው ሥራም፣ ሰርተፍኬቱም አብሮ ይሄዳል። አንዳንዶቹ ፓስወርድ ለማስመለስ ሲሞክሩ ኮዱ የሚላከው ወደማያውቁት ቁጥር ነው። ለእነሱ አዲስ አካውንት መክፈት፣ የራሳቸውን ቁጥር ማስገባት፣ ፓስወርዱን ደብተር ላይ ጽፎ ቤት ማስቀመጥ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብናስተካክል እንኳ ቅጹ መሠራቱ አይቆጨኝም።

ለመምህር የሚጻፈው ሦስት መስመርም አስተማረን። አብዛኛው ልጅ «አልገባኝም» ብሎ ያቆማል። ኦንላይን ላይ ፊትህን የሚያይ መምህር የለም። ምኑ እንዳልገባህ፣ እስከየት እንደደረስክ፣ ምን እንደሞከርክ ካልጻፍክ መልስ የሚሰጥህ አይኖርም። ይህ የቴክኖሎጂ ጉዳይ አይደለም፤ ግን ተማሪ የሚያቆመው እዚህም ላይ ነው።

ኅዳር፣ ሦስተኛው ሳምንት

የሰዓት ጉዳይ። ይህንን ከራሳቸው ከልጆቹ ነው ያገኘነው። አንድ ልጅ አሳይመንቱን በጊዜው እንደላከ እየማለ «ዘግይተሃል ይለኛል» ብሎ መጣ። ስናየው «11:59 ፒኤም» የሚለውን ከሌሊቱ 11፡59 ብሎ አንብቦታል። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5፡59 ነበር። መዝጊያው በስድስት ሰዓት ቀድሞታል።

እንግዲያው ይህን ሥራ ጨመርን፦ «አሳይመንቱ የሚዘጋው ኖቬምበር 30፣ 23:59 ዩቲሲ ነው። በእኛ ቀንና ሰዓት መቼ ነው?» ዩቲሲ የዓለም ሰዓቶች ሁሉ የሚለኩበት መነሻ ሰዓት ነው፤ የኛ ሰዓት ከእሱ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። መልሱ ኅዳር 21 ለ22 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8፡59 ነው። ቀን፣ ወር፣ ሰዓት፣ ቀጠና፣ አራቱንም መለወጥ ይጠይቃል። የውጭ መመዘኛዎች ይህን አይጠይቁም፤ የሚጠይቁበት ምክንያትም የለም። ለእኛ ልጅ ግን በየሳምንቱ የሚያጋጥም ነው።

የምንመክረው፦ የማስረከቢያ ቀን ባየህ ቁጥር ለውጠህ ደብተርህ ላይ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ጻፍ፤ ከዚያ አንድ ቀን ቀድመህ ላክ።

ኅዳር መጨረሻ

ዳታ። «በቂ ኢንተርኔት አለህ?» የሚለው ጥያቄ ጥቅም የለውም። «በቂ» ስንት እንደሆነ ተማሪው አያውቅም። በራሱ ስልክ እንዲለካ አደረግን።

ሥራው እንዲህ ነው። *804# ደውለህ የቀረህን ዳታ ጻፍ። የኮርሱን ቪዲዮ አሥር ደቂቃ በ144 ጥራት (ዝቅተኛው) እይ። እንደገና *804#። ከዚያ ሌላ አሥር ደቂቃ በ480 ጥራት እይና እንደገና ጻፍ። ልዩነቱን በስድስት አባዛ፤ የአንድ ሰዓት ፍጆታህ ነው። ኮርሱ ስንት ሰዓት ቪዲዮ እንዳለው ገጹ ላይ ተጽፏል፤ አባዛው። ከዚያ *999# ገብተህ የጥቅሎቹን ዋጋ እይ። አሁን ኮርሱ ስንት ብር እንደሚያስወጣህ ታውቃለህ።

ይህ ገጽ ልጆቹ ቤት ወስደው ለወላጅ ያሳዩት ብቸኛው ገጽ ነው። «ነጻ ነው» የተባለ ኮርስ ዋጋ እንዳለው ቤተሰብ በቁጥር ሲያይ ነገሩ ይለወጣል። የአንዱ ልጅ አባት «እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ እኮ ቀድሞ እሰጥህ ነበር» ብለውታል።

ቪዲዮውን በ144 ማየት ዳታ ይቆጥባል። ችግሩ ኮዲንግ ላይ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ኮድ አይነበብም። ነጠላ ሰረዝና ነጥብ ይምታታሉ። ለሒሳብም እንደዚያው። ስለዚህ ጽሑፍ የሚታይበትን ቪዲዮ ዋይፋይ ባለበት በጥሩ ጥራት አውርዶ ማስቀመጥ፣ ንግግር ብቻ የሆነውን በዝቅተኛ ጥራት ወይም በድምፅ ብቻ መስማት። ድምፅ ብቻ ከሆነ ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሆነ ቅጂ ለአንድ ሰዓት 28.8 ሜጋባይት ገደማ ነው።

ታኅሣሥ

የጊዜና የቦታ ገጽ። «ትላንት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት በየሰዓቱ ምን አደረግክ? አደረግሽ?» የሚል ባዶ ሰንጠረዥ ነው። ሦስት ምልክት አለው፦ መብራት ነበር፣ ጸጥታ ነበር፣ ስልኩ በእጄ ነበር። ሦስቱም የተገጣጠሙባቸው ሰዓታት ይከበባሉ።

የሴቶቹን ሰንጠረዥ ሳይ አዘንኩ። ከትምህርት ቤት እስከ ማታ 3 ሰዓት ሙሉ በሙሉ በሥራ የተሞላ ነው። ውኃ፣ ወጥ፣ እንጀራ፣ ታናናሾችን ማስጠናት፣ ቡና ማፍላት። አንዳንዷ ስልክ የምትጋራው ከወንድሟ ጋር ነው፤ ስልኩ ማታ እሱ ጋ ነው። እንዲህ ያለችን ልጅ «ለመማር ተነሳሽነት ይጎድልሻል» የሚል ውጤት የሚሰጥ መመዘኛ በደል ነው። ተነሳሽነት ሞልቷታል። የሌላት ሰዓት ነው።

ከዘጌ መጥታ ሽምብጥ ዘመድ ቤት የምትኖር ልጅ ክቧ ያረፈው ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ላይ ብቻ ነበር። ቤቱ ሲተኛ። እሷ ራሷ ናት «እንግዲያው ቪዲዮውን ማታ አውርጄ ንጋት ላይ አያለሁ» ያለችው። ሌላዋ ሰንጠረዡን ለእናቷ አሳይታ በሳምንት ሁለት ማታ ነጻ ጊዜ አገኘች። ሰንጠረዡ ለክርክር ጥሩ ማስረጃ ነው። ሁሉም ቤት ግን አይሰማም። አንዷ አባቷ ወረቀቱን አይተው ምንም አላሉም፤ የተለወጠ ነገርም የለም።

ቦታ ለሌላቸው አማራጮች ጻፍን። ጣና ዳር ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ብዙ ተማሪ ያነብበታል። ግን ፀሐይ ላይ የስልክ ስክሪን አይታይም፤ ለድምፅ ትምህርት ነው የሚሆነው። መብራት ሲሄድ የዋይፋይ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ የሞባይል ዳታ ግን ማማው ባትሪ እስካለው ድረስ ይሠራል። ቀጥታ ስርጭት ያለበት ኮርስ የያዘ ልጅ ትንሽም ቢሆን የሞባይል ዳታ ለመጠባበቂያ ይያዝ።

ታኅሣሥ መጨረሻ

ቋንቋ። እስካሁን ለምን እንዳላስገባነው አላውቅም። አብዛኛው ኦንላይን ኮርስ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ሦስት ደቂቃ የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ሰምቶ የገባውን በአማርኛ በአምስት መስመር ይጻፍ። ከዚያ ያንኑ ቪዲዮ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርጎ፣ የግርጌ ጽሑፉን ከፍቶ ይድገመው። ሁለቱን አምስት መስመሮች ጎን ለጎን ያስቀምጥ።

ሁለተኛው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይሻላል። አንዳንዱ ልጅ ፍጥነት መቀነስ እንደሚቻል ጨርሶ አያውቅም ነበር። «እንግሊዝኛ አልችልም» ብሎ የተወው ትምህርት በዝግታ ሲሰማው ገብቶታል። በዝግታም ያልገባው ደግሞ አለ። እሱ መጀመሪያ የቋንቋ ኮርስ ይውሰድ፤ ይህን በግልጽ ጻፍንለት።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

የቴክኒክ ሥራ። ጎግል ፎርምን ተውነው። ሁለት ምክንያት አለን። ፎርሙ ለመሙላት ኢንተርኔት ይፈልጋል። የኩዊዝ ነጥብ አሰጣጡም ትክክል ለሆነ መልስ ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምርጫ የተለያየ ነጥብ ሰጥቶ በየዘርፉ ውጤት አያሳይም። ጎግል ሺት በሚባለው ሰንጠረዥ ላይ በፎርሙላ ሞከርን። ሠርቷል፤ ግን ውጤቱ የሚወጣው እኛ ጋ ነው። ተማሪው ነው መጀመሪያ ማየት ያለበት።

ባልደረባዬ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ሠራ፤ እንደ ድረ ገጽ በብራውዘር የሚከፈት ፋይል ነው። ጥያቄውም ውጤቱም በውስጡ ነው። በቴሌግራም ይላካል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጥበት ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ቢሆንም ሥዕል ስለሌለው ፋይሉ ከ100 ኪሎባይት አልበለጠም።

የገጠሙን ችግሮች፦ የመጀመሪያው ቅጂ በአንዳንድ ስልኮች ላይ ፊደሉን ትርጉም የሌለው ምልክት አድርጎ አወጣው። ከላይ የፊደሉን ኮድ የሚናገረው የቻርሴት መስመር ስላልነበረ ነው፤ ዩቲኤፍ-8 ብለን ስንጨምር ተስተካከለ። ቀጥሎ፣ ከቴሌግራም ሲከፈት አንዳንዱ ስልክ ፋይሉን «ኤችቲኤምኤል ቪዩወር» በሚባለው ይከፍተዋል። እሱ ጃቫስክሪፕትን፣ ማለትም ቁልፎቹን የሚያሠራውን ኮድ፣ አያሠራም፤ ቁልፉን ቢነኩት ዝም ይላል። ክሮምን መርጦ መክፈት ያስፈልጋል። ይህን ፋይሉ አናት ላይ በትልቁ ጻፍነው። ሦስተኛ፣ ገጹ ሲዘጋ መልሱ ይጠፋል። ለማስቀመጥ ሞከርን፤ በአንዱ ስልክ ይሠራል፣ በሌላው አይሠራም። ውጤትህን ስክሪንሾት አንሳ ብለን አለፍነው።

ጎን ለጎን የወረቀት ቅጂም አዘጋጀን፤ ፊትና ጀርባ ሁለት ሉህ። ወጪያችን የፎቶ ኮፒው ብቻ ነው። ከጠበቅኩት በላይ ልጆቹ ወረቀቱን መርጠዋል። ለሰዓት ሰንጠረዡና ለዳታ ሒሳቡ በእስክሪብቶ መጻፍ ይቀላል፤ ለቤተሰብም ይታያል።

የካቲት

ድምር። እስካሁን መጨረሻው ላይ ጠቅላላ ነጥብ ነበር። አወጣነው። ምክንያቱ አንድ ልጅ ነው። በሁሉም ዘርፍ ጎበዝ ነው፤ ድምሩ ከፍተኛ ነው። ግን የራሱ ስልክ የለውም። ድምሩ «ዝግጁ ነህ» አለው። ስልክ ከሌለው በምን ሊማር ነው? ጎዶሎው አንድ ቢሆንም ያቆመዋል።

አሁን ውጤቱ በየዘርፉ ለየብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት መልስ አለ፦ አለኝ፣ በሳምንት ውስጥ ሊስተካከል የሚችል፣ ሳይስተካከል መጀመር የሌለብኝ። ከስሩ አንድ እርምጃ ብቻ ተጽፏል። መጀመሪያ አምስት አምስት ምክር ነበረበት፤ ማንም አላነበበውም። አንድ ሲሆን ይሠራሉ።

በዚህ ወር አንድ የግል ኮሌጅ ቅጹን ጠየቀን። ደስ አለን። ሲያብራሩት ግን ለኦንላይን ፕሮግራማቸው አመልካቾችን ማጣሪያ ሊያደርጉት ነው። እንቢ አልን። ልጁ እውነቱን የሚጽፈው ወረቀቱ በእጁ ስለሚቀር ነው። መግቢያ ፈተና ከሆነ ሁሉም ወደ 5 ይመለሳል። ከዚያ ደግሞ የሚጣሩት እነማን ናቸው? ስልክ የምትጋራዋ፣ ክቧ ንጋት ላይ ብቻ ያረፈባት ልጅ። ኮሌጁ ቅጹን መጠቀም ከፈለገ ተማሪ ተቀብሎ ሲያበቃ የትኛውን ድጋፍ ማን እንደሚፈልግ ለማወቅ ይጠቀምበት፤ ለዚያ በነጻ እንሰጣለን። እስካሁን መልስ አልመጣም።

መጋቢት

ቅጹን ከሞላ ከወር በኋላ እንደገና እንዲሞላ የተጠየቀ ተማሪ ሁለቱን ወረቀቶች ራሱ ያስተያያል። ኢሜይልና ፋይል አያያዝ በብዙዎቹ ተስተካክሏል። ብቻን ተቀምጦ የማንበብ ልማድ ግን ብዙም አልተነቃነቀም። እሱ በአንድ እርምጃ የሚስተካከል አይደለም። ሁለት ሁለት ሆነው በተመሳሳይ ሰዓት እንዲማሩና ማታ እንዲደዋወሉ እያደረግን ነው። ውጤቱን ገና አላየንም።

ቅጹን ሞልተው «አሁን አልጀምርም፤ በአካል እማራለሁ» ያሉ አሉ። ይህ ለእኔ ጥሩ ውጤት ነው። ተመዝግበው፣ ዳታ ከፍለው፣ አቋርጠው፣ «እኔ ለዚህ አልሆንም» ብለው ከሚደመድሙ ይህ በብዙ ይሻላል።

አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ፋይሉን በቶክባክ፣ ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብ የስልክ ፕሮግራም፣ ሞከረው። ኢስፒክ በሚባለው ነጻ የንባብ ድምፅ አማርኛውን ያነብለታል። ጥያቄውን ሰማ። መልሱ ላይ ሲደርስ ግን «አልተመረጠም፣ አልተመረጠም» ብቻ ይለዋል፤ የቱ ምርጫ እንደሆነ አይነግረውም። የመምረጫ ክቦቹ ከጽሑፋቸው ጋር በኮዱ ውስጥ አልተያያዙም ነበር። ባልደረባዬ አንድ ማታ ተቀምጦ ሁሉንም አያያዘ። ውጤቱም በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ብቻ ነበር የሚታየው፤ አሁን በቃልም ተጽፏል። የቪዲዮ ጥራት መለኪያው ለእሱ ትርጉም ስለሌለው በድምፅ ቅጂ ተተካ።

ሲጨርስ ቅድሚያ የሚሰጠው እርምጃ የሆነው የንግግሩ ጽሑፍ ያላቸውን ኮርሶች መለየት ነው። ራሱ መፈለግ ጀምሯል። ያገኛቸውን እየጻፈ ይልክልናል። ዝርዝሩ ዳታ ለሌላቸውም ስለሚሆን፣ ቪዲዮ ሳይከፍቱ ማንበብ ስለሚቻል፣ በሚቀጥለው የወረቀት ቅጂ ጀርባ ላይ እናስገባዋለን።